ቅርጽ፣ ንድፍ፣ አምሳያ፦ የቅርጽና የቦታ ቃላት ታሪክ በወገራና በስሜን ግርጌ

1. መግቢያ

የሥነ ጥበብ፣ የሕንፃ ሥራና የጂኦግራፊ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በረቂቁ ሐሳብ ሳይሆን እጅና ዐይን በየዕለቱ በሚያውቁት ነገር ነው። አንድ ሰው በፊቱ ያለውን ነገር በወረቀት ላይ ሲያሰፍር፣ ወይም በጭቃና በእንጨት አሳንሶ ሲሠራ፣ ሥራው ምን ተብሎ ይጠራል? የነገሩ ዳርቻ፣ ውፍረቱና ጥልቀቱ፣ በአጠገቡ ካለው ነገር ያለው ርቀት በምን ቃል ይገለጣል? ድሮዊንግ፣ ሞዴል፣ ስኬል፣ ፐርስፔክቲቭ የሚሉት ቃላት በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ገብተው ተለምደዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን እነዚህ ቃላት ከመምጣታቸው በፊትም ይሥል፣ ይቀርጽ፣ ይገነባ ነበር፤ ሲሠራም እየተናገረ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሰዎች ቅርጽንና ቦታን በሥዕልና በአምሳያ መግለጽን እንዴት እንደ ተማሩና ከትምህርቱ ጋር ቃላቱ እንዴት እንደ ተገኙ ነው። ለዚህም ከጐንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የወገራ ደጋ፣ ዳባትንና ደባርቅን፣ የስሜንንም ተራሮች መርጠናል። ምክንያታችን ሦስት ነው። አገሩ ለጐንደር የሥዕል ትምህርት ቅርብ ነው፤ የታወቁ ሸክላ ሠሪዎች ኖረውበታል፤ የመሬቱም አቀማመጥ በሽቅብና በቁልቁል፣ በገደልና በአፋፍ የተሞላ በመሆኑ ነዋሪው ስለ ቦታ ሳይናገር ሊውል አይችልም። ከምርመራው የምናገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የሙያ ቃል የሚጸናው ሥራውን ከሚሠራው እጅ ጋር ሲኖር ነው፤ የእጁ ባለቤት ሲናቅ ቃሉ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ሲሰደድም ቃሉ አብሮት ይሄዳል። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ተብለው ያልተለዩት ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ሦስት ግሦች

በአማርኛ ቅርጽን ስለ መግለጽ ስንናገር ሦስት ግሦች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው ሣለ ነው። ከግእዙ ሠዓለ የወረደ ሲሆን ሥዕል፣ ሠዓሊ፣ ሥነ ሥዕል የሚሉት ቃላት ዘመዶቹ ናቸው። ቢላዋ ከሚሳልበት ሳለ በንግግር አይለይም፤ ልዩነቱን የሚጠብቀው ፊደሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቀረጸ ነው። እንጨትን ፈልፍሎ፣ ድንጋይን ፍቆ፣ ከማያስፈልገው ክፍል እየቀነሰ የሚፈለገውን መልክ ለሚያወጣ ሰው የሚነገር ግሥ ነው። ተማሪም እርሳሱን ሲያሾል ቀረጸ ይባላል። ቅርጽ የሚለው ስም ከዚሁ ግሥ ስለ ወጣ፣ አማርኛ የማናቸውንም ነገር መልክ የሚጠራው ከመጥረቢያና ከመሮ ሥራ በተገኘ ቃል ነው ማለት ነው። የድንጋይ ቅርጽ፣ የደመና ቅርጽ፣ የመንግሥት ቅርጽ ስንል የመጀመሪያውን ፍቆ የማውጣት ሥራ ዘንግተነዋል።

ሦስተኛው ነደፈ ነው። ንብ ትነድፋለች፤ ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ሠዓሊም ከመቀባቱ በፊት መስመሩን ይነድፋል። ሦስቱን ፍችዎች የሚያስተሳስራቸው ፈጣንና ቀላል የሆነው የእጅ ወይም የመርፌ ንክኪ ይመስለናል። ጥጥ ነዳፊው ክሩን ገና አልፈተለም፤ ለፈትል ያዘጋጀዋል እንጂ። ነዳፊው ሠዓሊም እንደዚሁ ነው፤ ሥዕሉ ገና አልተፈጸመም፤ መንገዱ ግን ተይዟል።

የእነዚህ ግሦች ቀጣይ ታሪክ ለሥያሜ ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቀረጸ ለድምፅ መሣሪያ መቅረጸ ድምፅ የሚለውን ስም አስገኘ፤ ከዚያም አልፎ ፖሊሲና ሥርዓተ ትምህርት የሚቀረጹ ሆኑ። ነደፈ በበኩሉ ሕግ ለማርቀቅ አገለገለ፤ ይልቁንም ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ሥያሜ አስገኘ። ይህ ሥያሜ በሳይንስም ሆነ በፍልስፍና ጽሑፍ ያለ ማብራሪያ የሚነበብ ሆኗል። ሁለቱም ሥያሜዎች የተሳካላቸው አንባቢው ቃሉን በመጽሐፍ ከማየቱ በፊት ሥራውን በቤቱ ያውቀው ስለ ነበረ ነው ለማለት ይቻላል።

3. የሠዓሊው ትምህርት፦ ሐረግ፣ ጠፈር፣ አንጻር

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጐንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የሥዕል ትምህርት ማዕከል ሆነች። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የጐንደርን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የ17ኛው መቶ ዓመት ስልት በጠራ መስመርና በተዘረጋ ቀለም ይታወቃል። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያበበው፣ ፊትንና እጅን በደማቅና በደብዛዛ ቀለም እያለሰለሰ ክብነት የሚሰጥ ነው።

በመጀመሪያው ስልት ዘመን ሠዓሊዎቹ የተጠቀሙበት አንድ የውጭ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1590ና 91 በሮማ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ነው። በመጽሐፉ ያሉት የሕትመት ሥዕሎች ጥላን በተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ያሳያሉ። የጐንደር ሠዓሊዎች የታሪኩን አደራደር ከእነዚህ ሥዕሎች ሲቀበሉ ጥላውን ለቀቁት፤ የልብሱን እጥፋት በትይዩ መስመሮች፣ ቦታውን በአንድ ወጥ ቀለም ተኩት። እንደ ተርጓሚዎች ሠሩ ብንል አንሳሳትም። የባዕዱን ስልት ቃል በቃል ሳይቀዱ፣ ተመልካቻቸው በሚያነበው ሥርዓት መልሰው ጻፉት።

ያ ሥርዓት የራሱ ሰዋስው ነበረው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ኃጥእና ጠላት በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይኖረዋል። በመጠን የሚበልጠውም በማዕርግ የሚበልጠው ነው፤ ቅርብ የቆመው አይደለም። በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ የሚለካው በክብር ነው። ደቀ መዝሙሩም ቀለም በመውቀጥ፣ ጨርቁን በማዘጋጀት፣ መምህሩ ባወጣው መስመር ውስጥ ቀለም በመሙላት እየለመደ፣ በመጨረሻ መስመሩን ራሱ ለማውጣት ይበቃ ነበር።

ከዚህ ትምህርት ቢያንስ ሦስት ቃላት ወደ ሰፊው ቋንቋ ወጥተዋል። ሐረግ በመጀመሪያ የሚጠመጠም ተክል ነው። በብራና መጻሕፍት ራስጌና ጐን የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ ተባለ፤ ከዚያም የዘር ሐረግ አልን፤ በሰዋስው ጽሑፎቻችን ደግሞ ከቃል በላይ፣ ከዓረፍተ ነገር በታች ያለውን ክፍል ሐረግ ብለን ጠራን። የቋንቋ ተመራማሪ ይህን ቃል በየዕለቱ ሲጠቀም በብራና ጠርዝ ላይ የተሣለውን ተክል እየጠራ ነው።

ጠፈር ሁለተኛው ነው። በግእዝ ጣሪያንም፣ ከላይ የተዘረጋውን ሰማይም ይገልጣል። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በመሠረቱት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የውስጡ ጣሪያ በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ሠዓሊው ሲሠራ ጠፈሩ በሁለቱም ፍች ጠፈር ነበር። ዛሬ የጠፈር ጉዞ ስንል በዚሁ ቃል ነው የምንናገረው።

ሦስተኛው አንጻር ነው። ሥሩ ነጸረ፣ ማለት ተመለከተ፣ ሲሆን መነጽርም ከዚያው ይወጣል። አንጻር በመጀመሪያ ፊት ለፊት ያለውን፣ ዐይን የሚያርፍበትን ያመለክት ነበር። ዛሬ ግን ከዚህ አንጻር ስንል ስለ ሐሳብ እንጂ ስለ ዐይን አናስብም። ለፐርስፔክቲቭ ሥያሜ የሚፈልግ ተርጓሚ ይህን ቃል ወደ ዐይን መልሶ የአንጻር ሥዕል ቢል ከሥሩ አይርቅም።

4. ደረስጌ፦ በመሬት ላይ የሚነደፍ ቤት

የጐንደር መንግሥት ከደከመ በኋላ ስሜንና ትግሬ በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጅ ገቡ። ደጃዝማች ውቤ በስሜን ደረስጌ ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታሪክ የምትታወቀው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ በዚያው አካባቢ በጦርነት ድል ከሆኑ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉባት በመሆኗ ነው። ለሥያሜ ታሪክ ግን ሌላ ቁም ነገር አላት። ከሥራዋ ጋር በውቤ ዘንድ ይኖሩ የነበሩ የሁለት ጀርመናውያን ስም ይነሣል፤ አንደኛው የዕፀዋት ተመራማሪው ቪልሄልም ሺምፐር፣ ሁለተኛው ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ናቸው። ስለዚህ በስሜን ደጋ ሁለት የንድፍ ልማዶች በአንድ ሥራ አካባቢ ተገናኙ፤ በወረቀት አሳንሶ የሚነድፈው የአውሮፓ ልማድና በመሬት ላይ በሙሉ ልኩ የሚነድፈው የአገሩ ልማድ።

የኋለኛውን ጥቂት እናብራራ። ክብ ቤት የሚሠራ ሰው ወረቀት አያስፈልገውም። በመካከል ችካል ይተክላል፤ ገመድ ያስርበታል፤ ገመዱን ወጥሮ ሲዞር መሬት ላይ ክበብ ይነደፋል። ይህ ንድፍ ከቤቱ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ስኬል የሚባል ነገር አይፈልግም። ክብ ቤተ ክርስቲያንም በአንድ መካከል ዙሪያ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። እነዚህ ስሞች የልክ ወይም የቅርጽ ስሞች ሳይሆኑ የአገልግሎት ስሞች ናቸው። ምእመኑ የሕንፃውን ፕላን የሚያውቀው በወረቀት አይቶ ሳይሆን የት እንደሚቆም፣ ማን ወዴት እንደሚገባ በማወቅ ነው።

ይህን መረዳት ለተርጓሚ ይጠቅማል። ፕላን ለሚለው ቃል ንድፍ፣ ዕቅድ፣ ሥዕል እያልን የምንለዋውጠው ሥራው በአገራችን በወረቀት ላይ ስላልነበረ ነው። በመሬት ላይ የነበረውን ሥራ የሚጠራ ሌላ ግሥ ግን ነበረን፤ እርሱም ቀየሰ ነው። ስለዚህ ቃል ወደ መንገድ ሥራ ስንደርስ እንመለስበታለን።

5. ጭቃና ጠይብ

በስሜን ተራሮች የራሳቸው አገዛዝ የነበራቸው ቤተ እስራኤል ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን (እ.ኤ.አ. 1563–1597) እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በተደረጉት ጦርነቶች ድል ሆነው ርስታቸውን ካጡ በኋላ ብዙዎቹ በእጅ ሥራ ተሰማሩ። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ። ከጐንደር ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀች መንደር ናት። በ20ኛው መቶ ዓመት መካከል ጐብኚዎች መምጣት ሲጀምሩ የወለቃ ሴቶች ከእንስራና ከጀበና ጋር ትናንሽ ምስሎችን ይሠሩ ጀመር፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ።

የዚህ ሥራ ሂደት ከቀራጺው ሥራ ጋር ተቃራኒ ነው። አፈሩ ተቈፍሮ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ በውኃ ይቦካል። ከዚያ ይድበለበላል፤ ይጠፈጠፋል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል፤ ደርቆ ይተኰሳል። ሸክላ ሠሪዋ የምትሠራው ያለ መንኰራኵር ነው፤ ዕቃውን በእጇ ታዞራለች ወይም ራሷ በዕቃው ዙሪያ ትዞራለች። ስለዚህ ክብነትን የምትማረው በመሣሪያ ሳይሆን በመዳፏና በዐይኗ ነው። በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ ስለ ሸክላ ሠሪ መንኰራኵር የሚያነብ የአገራችን ሰው እንዲህ ያለውን መሣሪያ በጐረቤቱ ቤት አላየውም፤ ተርጓሚዎቹ ለማናቸውም የሚሽከረከር ነገር የሚነገረውን ቃል ሰጡት። ያው ቃል በእኛ ዘመን የጠፈር መንኰራኵር ሆኖ ሌላ ሥራ አግኝቷል።

በአውሮፓ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት በመቀነስ የሚሠራው ቅርጽና በመጨመር የሚሠራው ቅርጽ በስም ይለያያሉ። በአማርኛ ግን ሁለቱንም ቅርጻ ቅርጽ እንላለን፤ ከጭቃ የተሠራውን ምስል ሳይቀር ተቀረጸ እንለዋለን። ጭቃ ግን አይቀረጽም፤ ይቦካል፣ ይጠፈጠፋል፣ ይደረባል። የመጨመሩ ሥራ ግሦች ነበሩን፤ ወደ ሥነ ጥበብ ቋንቋ ግን አልወጡም። ስለ ምን?

መልሱ በአንድ ቃል ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በግእዝ ጠቢብ ዐዋቂ ነው፤ ሙያተኛም ነው። በአማርኛ ከዚህ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ወጡ። አንደኛው ጥበብ ነው፤ የተከበረ ቃል በመሆኑ ሥነ ጥበብ የሚለው ሥያሜ ከእርሱ ተገኘ፤ የልብስ ጥለትም ጥበብ ይባላል። ሁለተኛው ጠይብ ነው። በዚህ ስም ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው ሰው ተሰደበበት፤ ቡዳ ነው ተብሎም ተፈራ። አንድ ሥር ለሠዓሊው ክብር፣ ለሸክላ ሠሪዋ ስድብ ሆነ። መዝገበ ቃላቶቻችን በአብዛኛው ከግእዝ መጻሕፍትና ከቤተ ክህነት ትምህርት የተነሡ ስለሆኑ የሠዓሊው ቃል ወደ መጽሐፍ መግቢያ በር ነበረው፤ የሸክላ ሠሪዋ ቃል ግን በሥራ ቤቷ ቀረ።

ከ1977 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረጉት ሁለት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። በወለቃ ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ሙያው ግን ወደ ሌሎች እጆች አልፏል። በነባሮቹ አፍ የነበረው የሥራ ቃል ከባለቤቶቹ ጋር ባሕር ተሻግሯል፤ እዚያም ልጆች በሌላ ቋንቋ ያድጋሉ።

የጭቃ አምሳያ ሌሎች ተማሪዎችም አሉት። የደጋው እረኛ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ ይሠራሉ፤ ቀንበር ይጭኑበታል፤ ሞፈርና ዕርፍ ከእንጨት ስንጣሪ ያበጁለታል። ልጁ በሬውን ከሁሉም ጐን አይቶታልና ከሁሉም ጐን ይሠራዋል። ለቅርጽና ለቦታ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታ ተብሎ ይተዋል።

6. ተራራው፣ መንገዱና ካርታው

ደባርቅ ሆኖ ስለ መሬት የሚናገር ሰው በአካል ክፍሎች ይናገራል። ተራራ አናት፣ ግንባር፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ እግር አለው። የገደል ጠርዝ አፋፍ ይባላል፤ አፍ የሚለውን ያስታውሰናል። የአልጋ ራስጌና ግርጌ ለአገርም ይነገራል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ርእስ የስሜን ግርጌ ብለናል። እንስራም እንዲሁ አፍ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ሆድና ጆሮ አለው። ስለዚህ ትልቁን ተራራና ትንሹን ዕቃ የሚገልጠው አንድ የቃላት ሥርዓት ነው፤ መለኪያውም የሰው አካል ነው። ጥልቀትን ለመናገር ደግሞ ማዶ፣ ወዲያ ማዶ፣ ማዶ ለማዶ እንላለን። በአፋፍ ላይ የቆመ ሰው ቅርቡን ሸንተረር ጠቍሮ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ደብዝዞ ያየዋል፤ ሠዓሊ ርቀትን በቀለም የሚያሳይበት ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም።

በጣሊያን ወረራ ዓመታት (1928–1933) ከጐንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ሰሜን የሚወርደው የመኪና መንገድ ተሠራ። እንዲህ ያለው መንገድ አስቀድሞ በዐይን፣ በመሣሪያና በወረቀት ካልታየ በቀር ሊቈረጥ አይችልም፤ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርደው እያንዳንዱ እጥፋት የከፍታና የርዝመት ሒሳብ ነው። ለዚህ ሙያ አማርኛ ከራሱ የሰጠው ቃል ቀያሽ ነው። ቀየሰ ማለት መሬትን አይቶ መስመር ማውጣት ነው፤ ከእርሱም ቅያስ፣ ማለት በሠፈር ውስጥ የወጣ መንገድ፣ ተገኘ። ዛሬ ስልት ቀየሰ ስንል ያው ቃል ወደ ረቂቅ ሐሳብ ወጥቷል። የግንበኞች ቃልም ከዚህ ጋር ይቈጠራል። ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያሳየው መሣሪያ ቱንቢ፣ አግድም መተኛቱን የሚያሳየው ውሃ ልክ ይባላል። ውሃ ልክ የሚለውን ስም ማንም ኮሚቴ ቢቀመጥ ከዚህ አሳምሮ አያወጣውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቅ የንድፍ ሥራ ካርታ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ዓመት፣ በስዊስ አገር የበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ተመራማሪዎች ስለ ስሜን ያዘጋጁት ጥራዝ ታተመ፤ በብሩኖ ሜሰርሊና በክላውስ ኤርኒ አዘጋጅነት የወጣው ይህ ሥራ በ1፡25,000 የተነደፉ ሁለት የስሜን ካርታዎችን አቅርቧል። በዚህ ልክ በወረቀት ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 250 ሜትር ነው።

በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ኮንቱር ወይም የከፍታ መስመር ይባላል። ተማሪ ይህን ፍች በቃሉ ይይዘዋል፤ ነገሩን ግን አያየውም። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ግን መስመሩን በእጁ ሠርቶታል። እርከን የሚሠራው ውሃ ወደ አንድ ጐን እንዳይንሸራተት ካቡን በእኩል ከፍታ እየተከለ ነው፤ የእርከኑ ጠርዝ በመሬት ላይ የተሠራ የከፍታ መስመር ነው። ስለዚህ መምህሩ የከፍታ መስመርን በእርከን ቢያስረዳ ፍችው ወዲያው ብርሃን ያገኛል። በስሜን ጂንባር ሸለቆ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአፈር መሸርሸርን ያጠናው ሐንስ ሁርኒ የተመለከተው ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ተዳፋቱ በትክክል ካልታየ አፈሩ አይድንም።

አምሳያ መሥራትም በዚሁ መንገድ ይማራል። ካርታው በካርቶን ላይ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ የከፍታ መስመር ተቈርጦ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። በ1፡25,000 ልክ 100 ሜትር ከፍታ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 1,500 ሜትር የሚወርደው የስሜን ገደል 15 ድርብ ካርቶን፣ በጠቅላላው 6 ሳንቲ ሜትር ነው። የተማሪው ጣት በዚህ ገደል ላይ ሲወርድ አፋፍ፣ ወገብ፣ ግርጌ የሚሉት ቃላት በመዳፉ ይገኛሉ። ሥራው እርከን ነው፤ ግሡም የሸክላ ሠሪዋ ደረበ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ከላይ በአምባው የኖረ ቤተሰብ በከተማ ቀጥ ባለ ቅያስ ሲኖር፣ ሽቅብና ቁልቁል፣ ማዶና አፋፍ የዕለት ቃሎቹ መሆናቸው ይቀንሳል። ሰው ሲዛወር ቃላቱ ምን እንደሚሆኑ መከታተል የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ግዴታ ነው።

7. ትምህርት ቤቱና መዝገቡ

ዘመናዊው የንድፍ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በሁለት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን መንግሥት ትብብር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ የቴክኒክ ንድፍን አመጣ። በ1950 ዓ.ም. በአቶ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሕያው ሰውና ከሚታይ ዕቃ መሣልን፣ ብርሃንና ጥላን፣ ቅርጻ ቅርጽን አስተማረ። በሁለተኛው በር የገቡት ቃላት ብዙዎቹ አማርኛ ሆኑ፤ ብርሃንና ጥላ፣ መደብ፣ ቅብ፣ ንድፍ። በመጀመሪያው በር የገቡት ብዙዎቹ በውጭ ስማቸው ቀሩ። ልዩነቱ የመጣው ከቋንቋው ድህነት አይደለም። ሥዕል በአገሩ የቈየ ሙያ ስለ ነበረ አዲሱ ትምህርት በተነገረ ቋንቋ ላይ ዐረፈ፤ የቴክኒክ ንድፍ ግን በውጭ ቋንቋ ተጀምሮ በውጭ ቋንቋ ተፈተነ፤ የግንበኛው ቱንቢና ውሃ ልክ ወደ ክፍሉ አልተጠሩም።

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ሲቋቋም፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲባል፣ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሥያሜ መስጠት ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ሆነ፤ ፍሬውም በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆኖ ወጣ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ታተመ። እነዚህ ሥራዎች ትልቅ መሠረት ናቸው። ቀሪው ሥራ በወርክሾፕና በእርሻ፣ በሸክላ ሠሪዋ ምድጃ አጠገብ የሚሰማው ቃል ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው ለሥያሜ ሥራ ሦስት መመሪያዎች እናወጣለን።

አንደኛ፣ ሥያሜ ከመሰጠቱ በፊት ሥራውን የሚሠራ ሰው ምን እንደሚለው ይጠየቅ። ቀያሽ፣ ውሃ ልክ፣ እርከን፣ ንድፍ የጸኑት ከሠሪው ስለ መጡ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍችው የተደራረበ ቃል ይለይ። ለሞዴል ምሳሌ ብንል ተረትና ምሳሌን ያስታውሳል፤ ምንም እንኳ በኦሪት ዘፀአት ሙሴ በተራራው ላይ ያየው የድንኳኑ መልክ በዚህ ቃል ቢጠራ ማለት ነው። አርአያ ለምግባር፣ ናሙና ከብዙ ለተወሰደ ጥቂት ይነገራል። በመጠን ተለይቶ በመልክ አንድ የሆነውን ነገር አምሳያ ብንለው ከመሰለ ሥር ሳይወጣ ሌሎቹን አይነካም። ሞዴል አርሶ አደር የሚለው ግን ሕዝብ የለመደው ነውና ባለበት ይቈይ።

ሦስተኛ፣ በመጨመር የሚሠራው ቅርጽ የራሱን ስም ያግኝ። ለዚህ አቦካ፣ ጠፈጠፈ፣ ደረበ የሚሉት ግሦች በእጃችን አሉ፤ ከመካከላቸው የቱ እንደሚመረጥ መወሰን ያለበት ግን ሸክላ የሠሩ ሰዎች ከተጠየቁ በኋላ ነው። በወለቃና በወገራ ሙያውን የወረሱት ሴቶች አሉ፤ በእስራኤል ደግሞ በልጅነታቸው በእናቶቻቸው አጠገብ ጭቃ ያቦኩ እናቶች ዛሬም አሉ። ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። መዝገቡ ሊከፈትላቸው የሚገባው እነርሱ ሊናገሩ በሚችሉበት ጊዜ ነው፤ ጠይብ በሚለው ስድብ ፋንታም ጠቢብ የሚለው የቀድሞ ማዕርጋቸው በመጀመሪያው ገጽ ሊጻፍ ይገባል።